አንዱ ይሸጣል፣ ሌላው ያጠፋል

ፈርሀትን ያወቅኳት ቁመቷ ከአባቷ የሥራ ጠረጴዛ ሳያልፍ ነው። አባቷ ጋሽ ቡርሃን መርካቶ፣ ሰባተኛ ሰፈር የስፌት መኪና ይጠግናሉ፤ እኔ ከጎናቸው ክርና ቁልፍ እሸጣለሁ። በጎረምሳነታቸው ከወሎ መጥተው መርካቶ የቀሩ፣ ቃል ከአፋቸው በግድ የሚወጣ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ቀድማቸው አልፋለች። ፈርሀትንና ወንድሟን ኢልያስን ያሳደጉት በዚያችው ሱቅ፣ በዘይት በተጨማለቀ እጃቸው ነው።

ሱቃቸው በር ላይ፣ በትርፍ ጣውላ ላይ የተቀባ የዳማ ሰሌዳ ነበረ። ጠጠሩ የለስላሳ ቆርኪ ነው፤ የአንዱ በጀርባው፣ የሌላው በሆዱ ይተኛል። ገበያ ቀዝቀዝ ሲል ልብስ ሰፊው፣ ደላላው፣ ጫኝ አውራጁ እዚያ ይሰበሰባል። ከተጫዋቹ ይልቅ ከላይ ቆሞ የሚሳደበው ይበዛል። ፈርሀት ከእግራቸው ሥር ቁጭ ብላ ታያለች።

አንድ ቀን ጣሰው የሚባል ልብስ ሰፊ ጨዋታው ተዘግቶበት አናቱን ሲያክ፣ "በዚህ ብትሄድ ሁለቱን ትበላለህ" አለችው። እውነቷን ነበር። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ጣሰው ግን አልሳቀም።

"ጋሽ ቡርሃን፣ ይህችን ልጅ ወደ ውስጥ ያስገቡልን። ሴት ልጅ ደጅ ተቀምጣ ዳማ ምን ያደርግላታል?"

ጋሽ ቡርሃን ጎንበስ ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። ልጅቷ ራሷ ተነስታ ገባች። ከዚያ በኋላ አርብ አርብ፣ ከጁምዓ ሶላት መልስ፣ በሩን ገርበብ አድርገው ከውስጥ ያጫውቷት ጀመር። እኔ ግድግዳው በኩል ቆርኪው ሲንቀጫቀጭ፣ አልፎ አልፎም ሰውየው ሲስቁ እሰማለሁ። ጋሽ ቡርሃን ሲስቁ የሰማሁት በዚያ ብቻ ነው።

አድጋ ኮሌጅ ኮምፒውተር ተማረች። ከዚያ አንድ የፕላስቲክ ዕቃ አስመጪ ቢሮ ተቀጥራ ቀኑን ሙሉ ቁጥር ስትመዘግብ ትውላለች። በትርፍ ሰዓቷ ግን ሌላ ነገር ትሠራ ነበር። "እትዬ ፋኢዛ፣ ስልክዎን ያምጡ እስቲ" ብላ አንድ ነገር ከፈተችልኝ። የዳማ ሰሌዳ ነው። የእኛው ዳማ፣ በእኛው ሕግ፤ ጠጠሩ እንኳ ቆርኪ። ስሙን "ዳማ ቤት" ብላዋለች። ማውረድ የለ፣ መመዝገብ የለ፤ የፈለግከውን ቅጽል ስም ጽፈህ ትገባለህ፣ ከተገኘው ሰው ጋር ትጫወታለህ።

"እዚህ ውስጥ ሴት ነሽ ወንድ ነህ የሚል የለም" አለችኝ። "ሰው የሚያየው አጨዋወትን ብቻ ነው።"

መጀመሪያ የሰባተኛ ሰው ገባ። ቀጥሎ ባንኮኒው ሥር ስልኩን ደብቆ የማይጫወት ባለሱቅ ጠፋ። ቆየት ብሎ ደግሞ ከጅዳ፣ ከቤሩት፣ ከዱባይ መጡ፤ ሰው ቤት የሚሠሩ ልጆች ናቸው። ሰአዳ የምትባል አንዲት የኮምቦልቻ ልጅ ነበረች፤ ጅዳ ነው የምትሠራው። አሠሪዎቿ ከሰዓት በኋላ ጋደም ሲሉ ወጥ ቤት በር ሥር ተቀምጣ ከፈርሀት ጋር ትጫወታለች። በጨዋታው መሐል ይጻጻፋሉ። "ዛሬ ቀኑን ሙሉ በአማርኛ ያናገርኩት ሰው አንቺን ብቻ ነው" ብላ ጽፋላት እንደነበር ፈርሀት ነግራኛለች።

ጨዋታው በነፃ ነው። የሚያኖረው ማስታወቂያ ነበር። ውጭ አገር ያሉ የማስታወቂያ ድርጅቶች ከሰሌዳው ሥርና ከጎኑ ሥዕል ያስቀምጣሉ፤ ሰው ባየው ቁጥር ለፈርሀት ይታሰብላታል። ሰው ካላየው ምንም የለም። ቀስ በቀስ የመርካቶ ነጋዴም እየከፈለ ማስታወቂያ ማስቀመጥ ጀመረ። ከሁሉ የቀደሙት የሸማ ተራዋ እትዬ ያለምወርቅ ናቸው። ነጠላና ጋቢ የሚሸጡ፣ ቃላቸው በሸማ ተራ እንደ ውል የሚቆጠር ትልቅ ሴት ናቸው። የልብስ ስፌት መኪናቸውን የሚጠግኑላቸው ጋሽ ቡርሃን ስለሆኑ ፈርሀትን ከልጅነቷ ያውቋታል። ፈርሀት ራሷ ሄዳ ነጠላቸውን ፎቶ አነሳችው፤ ጥለቱ አረንጓዴና ወርቃማ ነበር። ከሰሌዳው ሥር ሰቀለችላቸው። ለእናቷ የዓመት በዓል ልብስ መላክ የምትፈልግ የጅዳ ልጅ ሁሉ ያየዋል።

በዚህ ጊዜ ፈርሀት ከአስመጪው ቢሮ ወጣች። ጋሽ ቡርሃን እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር፤ መርፌ መትከል እንኳ ያቅታቸዋል። ቤቱን የያዙት ሁለቱ ልጆች ናቸው። ኢልያስ ከእኛ ትንሽ ዝቅ ብሎ የስልክ ሱቅ ከፍቷል፤ ይሸጣል፣ ይጠግናል፣ አፕ ይጭናል። ፈርሀት ደግሞ ዳማ ቤት። "አልሀምዱሊላህ፣ ሁለቱም በየእግራቸው ቆሙ" አሉኝ ሽማግሌው። ከዚያ በላይ ሲኩራሩ አላየሁም።

ነገሩ መበላሸት የጀመረው ግን ሲያድግ ነው። ፈርሀት ላፕቶፗን ይዛ ሱቄ ትመጣና ቁጥሩን ታሳየኛለች። የተጫዋቹ መስመር ወደ ላይ ይወጣል፤ የማስታወቂያው መስመር ወደ ታች ይወርዳል።

"እንዴት ነው ሰው ሲበዛ የሚያየው የሚያንሰው?" አልኳት።

"አድብሎከር ነው" አለችኝ። "ማስታወቂያ የሚያግድ ነገር አለ፤ ስልክ ላይ ይጫናል። ሥዕሉ ገና ሳይመጣ ያስቀረዋል። ሰውየው እኔ ጋ ይጫወታል፣ የእኔን ኮምፒውተር ያሠራል፣ ለእኔ ግን እንዳልመጣ ይቆጠራል።"

ጭንቅ ይዟት አንድ ነገር አደረገች። የቀሩት ተመልካቾች የጎደለውን እንዲሞሉ ማስታወቂያ ጨመረች። ከላይ አንድ፣ ከጎን አንድ፤ በመጨረሻ ደግሞ ድንገት እየተከፈተ ሰሌዳውን ሙሉ የሚሸፍን ቪዲዮ። እውነቱን ልናገርና እኔም ተናድጃለሁ። ቆርኪ ልበላ እጄን ስዘረጋ አንድ የማላውቀው ፈረንጅ እየጮኸ ሳሙና ያሳየኛል። ቪዲዮው የኢንተርኔት ፓኬጁን ደግሞ ይልሰዋል። ሰው ተማረረ፤ የተማረረ ሁሉ አድብሎከር ጫነ። የጫነው ሲበዛ ገቢው ባሰበት፤ ገቢው ሲብስበት ፈርሀት ማስታወቂያ ጨመረች። ራሷም ታውቀው ነበር። "በገዛ እጄ እያባረርኳቸው ነው፣ ግን ማቆም አልቻልኩም፤ ጨዋታው ያለበት የሰርቨሩ ኪራይ ቀን ይደርሳል" ትለኛለች።

አንድ ከሰዓት ለአባቷ የስልክ ባትሪ ልታስቀይር ኢልያስ ሱቅ ሄደች። ጥግ ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ አንድ ደንበኛ አዲስ ስልክ ገዛ። ኢልያስ እንደ ልማዱ ቴሌግራሙን፣ ምኑን ከጫነለት በኋላ ሰውየው፣

"ያቺን ማስታወቂያ የምታጠፋዋንም ጫንልኝ" አለው። "ዳማ ስጫወት አላስቀምጥ አለኝ።"

ኢልያስ ቀና ብሎ እህቱን አየ። ከዚያ አቀርቅሮ ጫነለት። ሰውየው ከፍሎ ወጣ።

"ስንት ሰው ላይ ጭነሃል?" አለችው።

"አልቆጠርኩም።"

"ኢልያስ።"

"ሁሉም ላይ" አለ። "የሸጥኩት ስልክ ሁሉ ላይ። ወላሂ በአንቺ ብዬ አይደለም! ድሮ ነው የጀመርኩት፤ ደንበኛ ደስ ይለዋል፣ ፓኬጁ ይቆይለታል። ያንቺን እንደሚያጠፋ ያወቅኩት በኋላ ነው።"

"ካወቅክስ በኋላ?"

"ካወቅኩ በኋላማ ምን ላድርግ? አልጭንም ብል ጎረቤቴ ይጭንለታል፤ ስልኩንም ከእሱ ይገዛል። ለዳማው ብለው እኮ ነው የሚያስጭኑኝ ፈርሀት። እሺ አንቺስ ያን ቪዲዮ ለምን አመጣሽው?"

ባትሪውን ተቀብላ ወጣች። ያን ቀን አባትየው ፊት ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነው ራት በሉ። በማግስቱ ኢልያስ አባታቸው ሱቅ ድረስ መጥቶ፣ ካልጠየቁት በቀር ከእንግዲህ ለማንም እንደማይጭን ቃል ገባላት። እሷም ቪዲዮውን አነሳች። ግን የጫነ ሰው ተመልሶ አያነሳም። ለምን ያነሳል? ቪዲዮው መቅረቱንስ በምን ያውቃል?

ፈርሀት ዘዴ ፈለገች። የእትዬ ያለምወርቅን ነጠላ ማስታወቂያ ሳይሆን ተራ ሥዕል አስመስላ፣ የፋይሉን ስም ለውጣ ሰቀለችው። ትንሽ ጊዜ ታየ። ከዚያ እነዚያ አድብሎከር የሚሠሩት ሰዎች ደረሱበትና እሱንም ያጠፉት ጀመር። እንደገና ለወጠች፣ እንደገና ጠፋ። "ፊታቸውን አይቼ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ነው የምጫወተው፤ እነሱ ደግሞ ከእኔ ጋር እየተጫወቱ መሆናቸውን እንኳ አያውቁም" አለችኝ። ዓይኗ ከእንቅልፍ እጦት ቀልቶ ነበር።

ትንሣኤ ሲቃረብ፣ ሸማ ተራ ሰው በሰው ላይ በሚረግጥበት ሰሞን፣ የፈራችው መጣ።

ፈርሀት አባቷ ሱቅ ነበረች። እትዬ ያለምወርቅ ስልካቸውን እንደ ማስረጃ ከፍ አድርገው ይዘው፣ ሁለት የሸማ ተራ ሴቶች አስከትለው መጡ። ነጠላቸው ከትከሻቸው ተንሸራቷል። ሰላምታም አልሰጡ።

"የታል የእኔ ነጠላ?"

"ምነው እትዬ ያለምወርቅ? ይቀመጡ እንጂ።"

"አልቀመጥም። ለጎረቤቶቼ፣ ኑ በየአገሩ የሚታየውን ማስታወቂያዬን ላሳያችሁ ብዬ ዳማሽን ብከፍተው ባዶ ነው! ነጭ! እነዚህ ሁሉ እያዩኝ! የእነሱም ስልክ ላይ የለም። የከፈልኩሽ ለምኑ ነው?"

ፈርሀት ስልኩን ተቀበለቻቸው። አንዴ አይታ ገባት፤ ፊቷ ሲለዋወጥ እኔ ከሱቄ በር ላይ አይቻለሁ።

"እትዬ፣ ስልክዎ ላይ ማስታወቂያ የሚያጠፋ ነገር ተጭኗል። ሌላው ሰው ጋ..."

"ማን ጫነው? እኔ እንኳን ልጭን መክፈቱም በመከራ ነው!"

ፈርሀት ወደ ኢልያስ ሱቅ አቅጣጫ አየች።

"ይህ ስልክ የማንም እጅ አልገባም" አሉ እትዬ ያለምወርቅ። "ከወንድምሽ ገዛሁት፤ እሱ አስተካክሎ ሰጠኝ፤ አለቀ።"

ጩኸቱን ሰምቶ ኢልያስ እየሮጠ መጣ። መዋሸት ይችል ነበር። ስልኩ ሲመጣ ጀምሮ አብሮት የነበረ ነው ቢል ማን ያውቅበታል? ግን ኢልያስ የጋሽ ቡርሃን ልጅ ነው።

"እኔ ነኝ የጫንኩት እትዬ" አለ። "ያኔ ለሁሉም ደንበኛ እጭን ነበር። ፓኬጅዎን እንዳይበላብዎ ብዬ ነው።"

እትዬ ያለምወርቅ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አዩ። ድምፃቸው ወረደ፤ የወረደው ድምፅ ከጩኸቱ የባሰ ነበር።

"አሃ። እህት ማስታወቂያ ትሸጥልኛለች፣ ወንድም ያጠፋዋል። ተማክራችሁ ነዋ!"

"ወላሂ እትዬ እንደሱ አይደለም!" አለች ፈርሀት። ስልኩ ውስጥ ገብታ ያንን ነገር አጠፋችው፤ ዳማ ቤትን እንደገና ከፈተች። ነጠላው ብቅ አለ፤ አረንጓዴና ወርቃማ ጥለቱ፣ ከሥሩ የእሳቸው ስም። "ይኸው! ይዩት፣ አለ እኮ!"

"አያችሁ?" አሉ እትዬ ያለምወርቅ ወደ ሴቶቹ ዞረው። "ስመጣባት አበራችው።"

ያን ጊዜ በአካባቢው ያለው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። ፈርሀት ለማስረዳት አፏን ትከፍታለች፤ ሰርቨር፣ ብሮውዘር የሚል ቃል ይወጣል፤ ቃሉ ራሱ ማጭበርበር ይመስላል። እኔም ልናገርላት ፈልጌ ምን እንደምል ጠፋኝ። በመጨረሻ ጋሽ ቡርሃን ጠረጴዛቸውን ተደግፈው ተነሱ።

"ያለምወርቅ" አሉ። "ልጆቼ ሌባ አይደሉም። ግን ቅር ብሎሻል፤ ይቅር በይን። ፈርሀት፣ የከፈሉትን መልሺላቸው።"

"አባዬ፣ እኔ እኮ..."

"መልሺላቸው።"

መለሰች። መመለሱ ደግሞ እንደ ማመን ተቆጠረባት። በሳምንቱ ከሰባተኛ እስከ ሸማ ተራ ያልሰማ የለም። እህትና ወንድም ተመሳጥረው ሴትየዋን በሏቸው ተባለ። ሌሎቹ ነጋዴዎች አንድ በአንድ ማስታወቂያቸውን አወረዱ። ከኢልያስ ሱቅም ሰው ቀነሰ፤ ስልክ የገዙት እየመጡ "ሌላስ ምን ጭነህብኛል?" ይሉት ጀመር። አድብሎከሩን ግን አንዱም አንሳልኝ አላለም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ሳስታውስ ፈርሀት ስትበላ አላስታውስም። መጀመሪያ በሩን ለመዝጋት ሞከረች። አድብሎከር ያለው ሰው ሲገባ ሰሌዳው አይከፈትለትም፤ "ዳማ ቤት በማስታወቂያ ነው የሚኖረው፤ እባክዎ ለእኛ ብቻ ያንሱልን" የሚል ጽሑፍ ይመጣበታል። ለምና ነው የጻፈችው። ስድብ ወረደባት። "ለማኝ" አሏት። "በነፃ ብለሽ አስለምደሽ" አሏት። አብዛኛው ምንም ሳይል ሄደ። የሚሄድበት ነበረው፤ አንድ ሰው ጨዋታዋን ቆርኪው ሳይቀር ገልብጦ ሌላ ቦታ ከፍቶ ነበር። የዚያኛው ማስታወቂያም በአድብሎከር ይጠፋል፤ ሰውየው ግን ገና ጀማሪ ነው፣ አልገባውም።

ሰአዳ ወዲያው አነሳችላት። እንደሷ ያነሱም ነበሩ። ግን ጥቂት ናቸው።

ከዚያ ሌላ ሐሳብ መጣላት። ማስታወቂያውን ከጎን ማስቀመጥ ትታ ከሰሌዳው ጋር ብትሰፋውስ? ቆርኪው ላይ የነጋዴው ምልክት ቢሣል አድብሎከር ሰሌዳውን ሳያጠፋ ሊያጠፋው አይችልም። ሠርታ አሳየችኝ፤ ያምር ነበር። ይዛው በየሱቁ ዞረች። የሸማ ተራዎቹ ከሩቅ ሲያዩዋት ሥራ የያዙ መሰሉ። አንዱ ጨርቅ ነጋዴ ብቻ አስቀምጦ ሰማትና፣ "ጥሩ ነው፤ ግን ልጄ፣ ካንቺ ጋር ስሜ እንዲነሳ አልፈልግም" አላት። በትሕትና ነው ያላት። ስትመለስ እኔ ሱቅ ገብታ የክር ካርቶን ላይ ተቀመጠች፤ ገበያተኛ እያየ አለቀሰች። ውሃ ሰጠኋት። ሌላ የምሰጣት አልነበረኝም።

ኃይለልዑል የሚባለው ሰው የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። የአንድ የውርርድ ድርጅት ሠራተኛ ነው፤ ልብሱ ንጹሕ፣ አነጋገሩ ለስላሳ። ቆርኪው ላይ የመሣሉን ነገር ከሆነ ሰው ሰምቷል። "ሁሉንም ቆርኪ እኛ እንወስደዋለን" አላት። "ተጫዋቹ በበላ ቁጥር የእኛን ስም ያያል። ሲያሸንፍ ደግሞ 'በገንዘብ ትሞክራለህ?' ይለዋል። ሌላ ምንም የለውም።"

"ቁማር ነው" አለች ፈርሀት።

"መዝናኛ ነው።"

"እኛ ቤት ሐራም ነው። ይቅርታ።"

ሰውየው ካርዱን አስቀምጦላት ሄደ። ኢልያስ ይህን ሲሰማ ተቆጣ። እሱም ጨንቆታል፤ የሱቁ ኪራይ አልፎበታል። "አባዬ መድኃኒት ማቋረጣቸውን ታውቂያለሽ? አሻለኝ የሚሉት ውሸታቸውን ነው" አላት። አታውቅም ነበር። ሄዳ የአባቷን የመድኃኒት ብልቃጥ አየች፤ ባዶ ነው።

ቀጥሎ የሆነውን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ከእኔ በቀር ለማንም አልተናገረችም። ጠዋቱን ሙሉ ካርዱን ኪሷ ይዛ ዞረች። ሰአዳን አሰበች፤ ደሞዟን ለውርርድ ይዛ ወጥ ቤት በር ሥር ስትቀመጥ። አባቷን አሰበች። የቀትሩን የዙህር ሶላት ሰግዳ፣ ከመስጊዱ ወጥታ ግንቡን ተደግፋ ደወለች። ለሱጁድ መሬት የነካው ግንባሯ ገና አልቀዘቀዘም ነበር፤ እንዲህ ብላ ነው የነገረችኝ።

"ያሉኝን ተቀብያለሁ" አለችው።

"ፈርሀት፣ ባትደውዪ ነው የሚሻለኝ የነበረው" አላት ኃይለልዑል። "ቁጥራችሁን እኮ አየነው። ያን ማገጃ ካደረግሽ ወዲህ ተጫዋቹ ሄዷል። አለቆቼ ከዚያኛው፣ ከአዲሱ ዳማ ጋር ተዋውለዋል። አይክፋሽ።"

"እሺ" ብላ ዘጋችው።

"እትዬ ፋኢዛ" አለችኝ፣ "ለነፍሴ የያዝኳትን አንዷን ነገር አውጥቼ ሰጠሁት፤ አልፈልግም ብሎ መለሰልኝ። አሁን እሷም የእኔ አይደለችም።" አቅፌያት ቆየሁ። አላህ ይቅር ባይ ነው አልኳት። ይቅር ባይነቱን አውቃለሁ፤ የፈለግኩት ግን ስደውል ጭራሽ ባይሰማኝ ነበር አለችኝ። ምን ለማለት እንደፈለገች እስካሁን አስባለሁ።

በዚያው ሳምንት ዳማ ቤትን ዘጋችው። የሰርቨሩን ኪራይ አላደሰችም። ከመዝጋቷ በፊት ለተጫዋቾቹ ጻፈችላቸው፤ አንድ ሁለቱ "ምን ነበር ችግሩ? ለምን ቀድመሽ አልነገርሽንም?" ብለው መለሱ። ስትነግራቸው፣ ስትለምናቸው መክረሟን ረስተውታል። ሰአዳ ግን "ታዲያ አሁን የት ነው የምንገናኘው?" አለቻት። ስልክ ተለዋወጡ። የሰአዳ አሠሪ ስልክ ማውራት አይፈቅድም፤ ዳማው ድምፅ ስለሌለው ነበር የሚመቻት። ትንሽ ተጻጻፉ፤ ከዚያ የሰአዳ ቁጥር መሥራት አቆመ። ፈርሀት እስካሁን ትሞክረዋለች።

ኢልያስ ሱቁን ለቆ አብነት በኩል ከሌላ ሰው ጋር ተዳብሎ ገባ። እዚያ ስሙን የሚያነሳበት የለም። እዚያም አድብሎከር ይጭናል። ከእህቱ ጋር አልተኳረፉም፤ ግን አንድ ገበታ ላይ ሲቀመጡ ወሬያቸው የአባታቸው ሕመም ብቻ ሆነ። ጋሽ ቡርሃን ሱቁን ለሌላ ሰው አስተላለፉ፤ መድኃኒታቸውን ጀምረዋል። ፈርሀት ወደዚያው ፕላስቲክ አስመጪ ቢሮ ተመለሰች። የቀድሞ ወንበሯ ላይ ሌላ ሰው ስለነበረ በር አጠገብ አስቀመጧት።

ለእንቁጣጣሽ ጥቂት ሲቀር፣ አብነት ታክሲ ተሰልፋ ሳለ ከኋላዋ ተጠራች። እትዬ ያለምወርቅ ናቸው፤ ትልቅ ፌስታል ይዘዋል፣ ያለከልካሉ።

"አንቺ ልጅ! ስፈልግሽ!"

ፈርሀት የሚሰድቧት መስሏት ነበር። እሳቸው ግን ክንዷን ያዙ።

"ያን ጊዜ ተናድጄ ነው፣ ይለፍ። ስሚ፣ ያንን የነጠላውን ፎቶ መልሰሽ ስቀዪልኝ እስቲ። የጅዳዎቹ ልጆች እኮ ጠፉብኝ። ድሮ ለየበዓሉ ለእናቶቻቸው ሲያዙ ከየት እንደሚመጡ እንኳ አልጠየቅኩም ነበር። ለካስ በአንቺ በኩል ነው።"

"ተዘግቷል እትዬ።"

"ምኑ?"

"ዳማው።"

"ውይ! ማን ዘጋው?"

ፈርሀት ሰልፉ ሲንቀሳቀስ አብራ ተራመደች። "እኔ" አለች።

እትዬ ያለምወርቅ ፌስታላቸውን መሬት አስቀመጡ። "ሳትነግሪኝ?" አሉ። "ብትነግሪኝ እኮ..." አልጨረሱትም። ታክሲው ደረሰ፤ ሰው መጋፋት ጀመረ፤ ፈርሀት ደህና ይዋሉ ብላቸው ገባች።

መስኮት ጥግ ተቀመጠች። ረዳቱ ሂሳብ ሲላት ከፈለች። ትንሽ ቆይቶ ከኋላ ያለውን ሰው ሲጠይቅ ሰምታ፣ እሷን የጠየቃት መስሏት ቦርሳዋን ከፍታ እንደገና ብር ዘረጋችለት።

"ከፍለሻል እኮ እህቴ" አላት።